የዶክተሯ ዋስ

ውድ እናቴ፣

ከዓይንሽ ልጀምር። ፋሻው ተነሣ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ቆይ ነገ» እያልሽ ነው? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔን ብትዪ ጤና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በር ቆልፌ እተኛለሁ። ድምፅሽ ናፈቀኝ እንዳልል በስልክ እሰማዋለሁ። የናፈቀኝ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ዝም መባባሉ ነው።

የጓሮዋ ክፍል ጣሪያ አሁንም ያፈስሳል? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽን ልጽፍልሽ ነው። ስልክ ላይ ታቋርጪኛለሽ። ዓይንሽ እስኪድን ራስሽ እንደማታነቢው አውቃለሁ። አጠገብሽ ተቀምጣ የምታነብልሽ ትንሿ እህቴ ናት፤ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ካንቺ ዘንድ ከርማለችና። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው። አደራ፣ መስመር እንዳትዘልብሽ። መቼም ዕድሜሽን ሙሉ ለፍርድ ቤት የውሳኔ ግልባጭ ስትተይቢ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ ዓረፍተ ነገር ሲጎድል ጆሮሽ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይኸው። ቀንቻለሁ።

ቃሉን ጽፌ ተነሣሁና መስኮቱን ዘጋሁ። ሰው ያየኝ ይመስል።

በትንሿ ቀንቻለሁ። የዛሬ አይደለም። ወይም የዛሬ ብቻ ነው፤ አላውቅም። ፀጉሯን ስጎነጉንላት አልቀናሁም። የትምህርት ቤት ክፍያዋን ይዤ ስሰለፍ አልቀናሁም። በተመረቀች ቀን ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ፎቶዎቹ ላይ የለሁም፤ ያኔም አልቀናሁም። አሁን፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠግታ «ተቀበሉኝ!» ስትለኝ ቀናሁ። አቀፍኳት። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ መልእክቱን እንደገና አነበብኩት፤ በስሟ ቦታ ሌላ ስም እየተካሁ።

የመግቢያ ፈተናውን ያጠናችው እኔ ቤት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከሥራ ትመጣለች፤ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ያንን ወፍራም የመለማመጃ መጽሐፍ ትዘረጋለች። ለንግድ አመራር ዶክትሬት ይህን ሁሉ ስሌት ምን አመጣው እያለች ታማርራለች። ከዚያ «እታለም፣ ይህቺን አንዷን ብቻ» ትለኛለች። እኔ ሰሃን እያጠብኩ፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋት፣ መልሱን እነግራታለሁ። አንድ ቀን «አንቺ እኮ ነበርሽ መፈተን የነበረብሽ» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ክፋት የለበትም። የከፋኝም ለዚያ ነው። ክፉ ቢሆን እኮ እቆጣ ነበር። ፈተናውን ስታልፍ መጽሐፉን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ሄደች።

ቀጥሎ የጥናት ሐሳቧን ላከችልኝ፤ ቋንቋውን እንዳቃናላት። የቤተሰብ ሱቆች ባለቤታቸው ሲሞት ለምን ይዘጋሉ፣ ነው ነገሩ። ምሳሌ ያደረገችው አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ነው። ስሙን አልጻፈችም። ግን ሚስማር በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጥበት፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ የሚሠራበት ሱቅ የማን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። እንዲህ ይላል፤ «ወራሿ የአመራር ክህሎት ስላልነበራት ሱቁ ሊቀጥል አልቻለም።»

ወራሿ እኔ ነኝ፣ እማዬ።

አባዬ ከሞተ በኋላ ያንን ሱቅ የያዝኩት እኔ ነኝ። የተዘጋው ደግሞ መደርደሪያው ላይ የነበረው ሁሉ፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ቧንቧው፣ ቀስ በቀስ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ስለሆነ ነው። ይህ ጥናቱ ውስጥ የለም። ነጠላ ሰረዞቹን አስተካከልኩና መለስኩላት። ግርጌው ላይ «ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩም ነበር። አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው፤ ስለ እኔ የተሳሳተችው እንኳ በደንብ ተጽፎ ነበር።

አንባቢሽ እዚህ ጋ ውኃ ትጠጣ። እንጠብቃታለን።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያንቺ ስልክ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተሯ» ይላታል አልሽኝ። ሻንጣው ገና ሳይዘጋ፤ ያልተፀነሰ ልጅ ስም ወጣለት። ባለሱቁ እንኳ ሳሙና ሲሸጥላት «ዶክተር፣ መልስሽን» ብሏት መልሱን ረስቶ አስቀረባት ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ቀን ስልኩን አንሥተሽ «ወዬ ዶክተሬ» አልሽኝ። ድምፄን ስትለዪ ደነገጥሽና «ውይ፣ ምሰሶዬ» አልሽ።

ምሰሶ ያልሽኝ አባዬ ከተቀበረ ጀምሮ ነው። ስሙን አልጠላውም። ግን ምሰሶን ማን ያየዋል? እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያደንቃል። ምሰሶው ትዝ የሚለው በጨለማ ግንባሩን ሲመታው ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ትንሿ እድለኛ ናት። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንላታል፤ መሥሪያ ቤቷ ግማሽ ደመወዟን እየከፈለ ቦታዋን ይጠብቅላታል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ዋስ። ተምራ ካልተመለሰች የወጣባትን ሁሉ ከደመወዙ የሚከፍል ቋሚ ሠራተኛ። እሷ ራሷ ልትጠይቀኝ አልደፈረችም። አንቺ ደወልሽ። የጉልበትሽን ነገር ነገርሽኝ፣ የዝናቡን ነገር ነገርሽኝ፣ ከዚያ እንዲህ አልሽ፤ «በይ ፈርሚላት። እሷ ትሂድ እንጂ፣ አንቺ መቼም የትም አትሄጂም።»

ለክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ። ያመሰገንሽኝ መስሎሽ ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። እጄ ላይ የሻይ ማንኪያ ነበር። ለምን እንደያዝኩት ማስታወስ አቃተኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ባንኩ ውስጥ ተበዳሪና ዋስ የሚፈርሙት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተበዳሪ ወንበሩን ስቦ፣ ተደላድሎ ነው የሚቀመጠው። ዋስ ግን ጫፉ ላይ ነው፤ እንደሚነሣ ሰው። ለሁሉም «አንብበው ይፈርሙ» እላለሁ። የሚያነብ የለም። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ለእህታቸው ልጅ ዋስ ሊሆኑ መጥተው ወረቀቱን ሳያዩ ብዕሩን አነሡ። አንብቡት እንጂ አባቴ አልኳቸው። «ልጄ፣ ካነበብኩትማ አልፈርመውም» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን እሳቸው ከወጡም በኋላ እያሰብኳቸው ዋልኩ።

በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ለሌላ ሰው ዋስ የሆነ ሠራተኛ ያ ሰው ግዴታውን እስኪጨርስ ድረስ ያለ ደመወዝ ረጅም ፈቃድ አይሰጠውም። ያስያዘው ደመወዙን ነዋ፤ ደመወዝ ከሌለ ምኑ ይያዛል? ልክ ነው። ለእኔ ዓይነቷ የትም ለማትሄደው ግን ምኗም አይደል።

ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ተመለስኩ።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ ስለ እሷ ልንገርሽ። እኩያዬ ናት፤ እሷም ብድር ክፍል ነው የምትሠራው። ይህች ሴት ዘመድ ቤቷ ረስቶት የሄደ የመለማመጃ መጽሐፍ አገኘችና ለእጅ ማፍታቻ ጀመረችው። ጨረሰችው። ለማንም ሳትናገር ተፈተነች። ለማንም ሳትናገር አመለከተች፤ ያው ለንግድ ዶክትሬት። ላጠና የምፈልገው ሰው ለሌላ ሰው ለምን ዋስ እንደሚሆን ነው ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምን ታውቃለች? ቃለ መጠይቁን ያደረገችው በምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ በሩን በወንበር ደግፋ፣ ስልኳን ፋይል ክምር ላይ አቁማ ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ የታናሽ እህቷ እኩያ የሚሆን፣ በትሕትና «ለምን አሁን?» አላት።

«ከዚህ በፊት ተራዬ አልነበረም» አለች።

ሦስቱም አጎንብሰው ጻፉ። 

ተቀበሏት። የክፍያ ድጋፉ ግን አልቆ ነበር፤ ወጪሽን ራስሽ ቻዪ አሏት። እሱም አላስደነገጣትም። ለሰው ስታሰላ የኖረች ሴት ለራሷ አሰላች። ቤቷን ልታከራይ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልትጠይቅ። ከዚያ እናቷ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ጠግና ልትገባባት፤ እዚያ ሆና ልትማር፣ ትምህርት ቤቱ ሲጠራት ብቻ ልትሄድ። ይበቃት ነበር። ጠበብ ይል ነበር እንጂ ይበቃት ነበር። ቁርጥ መልሷን የምትሰጥበት የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። የትንሿ ዋስ የሚቀርብበትም ዓርብ ነበር። አንዳንድ ቀን እንዲህ ይደራረባል።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዋስ ሳስፈርም ዋልኩ። የአንዷን እጅ አየሁ፤ የአንደኛውን አንገት። «ለምን ነው የሚፈርሙት?» ብዬ አንዲት ነርስ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ጠይቄ አላውቅም። ግራ ገብቷት አየችኝ። ወንድሜ ነዋ አለች፤ ሰዓት እንደጠየቅኋት ሁሉ።

ዓርብ ጠዋት ትንሿ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ይህን አንባቢሽም አታውቀውም። የአስተዳደር ክፍሉ ሠራተኛ መታወቂያዬን አይቶ «የዶክተሯ እህት ነዎት እንዴ? ታድለዋል» አለኝ። አዎ አልኩት። ወረቀቱን ገፋ እያደረገ «እርስዎስ አይማሩም?» አለኝ፣ ለጨዋታ። እኔም ለጨዋታ ፈገግ አልኩ። ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ያኔ ነው ያየሁት።

ልብስ ሰፊው ትዝ አሉኝ። እኔ ግን አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ሁለቱንም ገጽ። ከዚያ ፈረምኩ።

ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልሽ። ይዤው ገባሁ፣ ይዤው ፈረምኩ፣ ይዤው ወጣሁ። ሰው ዋስ የሚሆነው ሌላውን አምኖ ነው ይሉ ነበር። አይደለም። እምቢ ብሎ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን ሰው፣ ራሱን፣ ፈርቶ ነው። ይህን ያቺ ሴት ብትሰማው ለጥናቷ ይሆናት ነበር። ግን ሰማሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለዩኒቨርሲቲው «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብላ ጽፋለች።

አሁን ደግሞ ለአንባቢሽ። ትንሿ፣ የዘለልሽው ካለ መልሰሽ አንብቢላት። መጽሐፍሽ እዚሁ አለ፤ እርሳስ ተጽፎበታል፣ ይቅርታ። ያቺን የወራሿን ዓረፍተ ነገር እንድታጠፊያት አልልሽም። ስትማሪ ግን እንደገና እያት። ደግሞ ተመለሺ። እኔ ላይ የሚመጣውን ክፍያ ፈርቼ አይደለም።

እማዬ፣ ዓይንሽን ፈጣሪ ያብራልሽ፤ ቀጣዩን ደብዳቤዬን በራስሽ ዓይን ለማንበብ ያብቃሽ። የምትሄደውን በሰላም ያድርስልን፣ እውቀቷን ይባርክላት፤ ያንቺን ዕድሜ ያርዝምልን። ጠብታውን አትርሺ።

ስለ ጓሮዋ ክፍል የጠየቅሁሽን ተዪው። ጣሪያውን ለማሠራት አትቸኩሉ፤ ለማንም አያስፈልግም።

የትም የማትሄደው፣
የመጀመሪያ ልጅሽ