«እንደ አስፈላጊነቱ» ስለተቆለፈው ወጥ ቤታችን

ለተከበሩ የወጣቶች መኖሪያ ቤታችን ኃላፊ
ግልባጭ፦ በወጥ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ፣ ይህን በር ገፍቶ ለሚመለስ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የደም ግፊትዎን ነገር፣ ባለፈው ቅዳሜ ጥቁር ኮትዎን ለብሰው በእንግዶች ፊት ከሾርባችን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሦስት ብርጭቆ ውሃ በላይ በላዩ ሲጨልጡ በዓይኔ አይቻለሁና ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ራሳችንን ችለን እስክንወጣ በእርስዎ ጥላ ሥር የምንኖር አምስት ልጆች ግን እጅግ ደህና ነን፤ ወጥ ቤቱን ከቆለፉብን ጀምሮ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠምን ስለ ጤናማ አመጋገብ በመማር ላይ እንገኛለን።

ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እርስዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማያነቡ ሁላችንም እናውቃለንና።

1ኛ. ስለ ምግብ ሥራ ሥልጠናው። አሠልጣኛችን፣ በፍቅር «ወንድም ፕሮጀክተር» የምንለው፣ አራት ሳምንት ሙሉ ካሮት በግድግዳ ላይ አሳይቶናል፤ ካሮቱን ከፊትም ከኋላም ስለምናውቀው መንገድ ላይ ብናገኘው ሰላም ሳንለው አናልፍም። ቢላ ለደኅንነታችን ሲባል ስለተከለከለ መክተፍን የተማርነው በማስመሪያ ነው። በዚህም ምክንያት ዛሬ ሽንኩርት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጠንቅቀን እናውቃለን፤ እንዴት እንደሚላጥ ግን ገና አልደረስንበትም። ስለዚህ ዕውቀት ምስጋናችን ወደር የለውም።

2ኛ. ስለዚያች ቃል። የሾርባ አሠራር መመሪያችን ላይ «ጨው እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ ተጽፏል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ይህች ቃል በቤታችን የተከበረች ናት። ሙቅ ውሃ እንደ አስፈላጊነቱ ይለቀቃል፤ የተቃጠለው አምፖል እንደ አስፈላጊነቱ ይቀየራል፤ እኛም ትርጉሟ «አርፋችሁ ተቀመጡ» ማለት መሆኑን በልምድ ደርሰንበታል። ታዲያ ቅዳሜ ለእንግዶቹ ሾርባ ልንሠራ ድስቱ ፊት ስንቆም፣ የአንድ ነገር አስፈላጊነት በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኛ መተዉን ስናይ ደስታው አሰከረን፤ አምስታችንም አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር፣ እየዞርን፣ አንዳንድ ማንኪያ አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ የእኛ ጨው ምክሩን አብዝቶ ሰማ።

የሚመልሰን ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያበሰሉት ወጥ ሠሪያችን፣ እኛ እትዬ ጭልፋ የምንላቸው፣ እርስዎ «ልጆቹ ብቻቸውን ሲሠሩ እንግዶቹ ይዩ» ባሉት መሠረት ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር። በመጨረሻ ገብተው ሲቀምሱ «ልጆቼ፣ ባሕር ነው እንዴ የቀቀላችሁት?» አሉና ድስቱን ዳግመኛ ቀምሰው፣ «ይኼ ግን የማንኪያ ሥራ አይደለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህችን አባባላቸውን ለጊዜው በአእምሮዎ ያኑሩልኝ።

3ኛ. ስለ ቁልፉ። በማግስቱ ይህ በር ላይ «በጨው አጠቃቀም ረገድ በታየው ጉድለት ምክንያት ወጥ ቤቱ እንደ አስፈላጊነቱ ይከፈታል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለጤናችን ያለዎትን ጭንቀት ከልብ እናደንቃለን፤ ባለፈው ወር አንዳችን ደረጃ ላይ አዳልጦት ስለወደቀ ደረጃውንም ቢቆልፉልን ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ ግን ቀልዴን ጥቂት ልያዝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በገምጋሚዎች ፊት ሙሉ ምግብ ሠርቼ መፈተን አለብኝ። ካለፍኩ የራሴ በር ያለው አንድ ክፍል ይሰጠኛል፤ ከወደቅኩ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ እኔም ስድስት ወር እጠብቃለሁ። ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ አንድ መስኮትና ሁለት ምድጃ አለው፣ ከሁለቱ አንዱ አይሠራም። ለእኔ ግን ቤተ መንግሥት ነው። አክስታችን ዘንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያው እሑድ መጥቶ ከእጄ እንደሚበላ ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱም የቅዳሜው ወሬ ደርሶት ኖሮ «እታለም፣ ከቻልሽ ሾርባ ያልሆነ» ብሎ ልኮብኛል። ክቡርነትዎ እንደሚረዱኝ፣ ለዚህ ልጅ የካሮት ፎቶግራፍ ላቀርብለት አልችልም።

4ኛ. ስለምንለምነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ይከፈትልን፤ እትዬ ጭልፋም ከወንበራቸው ተነሥተው ከድስቱ አጠገብ ይቁሙልን። ዋናን ከወረቀት የተማረ ሰው የሚሰምጠው ውሃ ውስጥ ነው። ሌላ ቅሬታ የለኝም፤ አምስተኛ ቁጥር የጠበቁ ከሆነ ይቅርታ።

ሾርባችንን ሲቀምሱ እንዳደረጉት ፊትዎን ሳያኮሳትሩ ይህን አንብበው እንደሚጨርሱ በመተማመን፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎችዎ ይርዘም፣ ልብዎ እንደ ግድግዳው ካሮት ለሁላችን በእኩል ይታይ እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከተቆለፈው በር ሥር ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የአምስቱ ማንኪያዎች ጸሐፊ፣
ጓደኞቿ «ጠበቃዋ» የሚሏት

ማስታወሻ፦ የእትዬ ጭልፋን አባባል አልረሱትም ብዬ አምናለሁ። አምስታችን አምስት ማንኪያ ጨምረናል፤ እናምናለን፣ ይቅርታም ጠይቀናል። ነገር ግን እንግዶቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው እኔ ከማቀዝቀዣው በር ኋላ ሎሚ ስፈልግ፣ አንድ የተከበረ ሰው ገብቶ ክዳኑን አነሣ፤ ሳይቀምስም «የዛሬ ልጅ ጨው የት ያውቃል!» ብሎ አንድ እፍኝ ሙሉ ጨምሮ፣ እጁን በጥቁር ኮቱ ኪስ ላይ ጠርጎ ወጣ። እንግዶቹ ኪሱ ላይ ያለውን ነጭ ነገር የጠመኔ ብናኝ መስሏቸው ስለ ትጋቱ አመስግነውታል። ይህ እፍኝ የማን እንደነበረ፣ በሩ የሚከፈትበትን ቀን ከሰማን በኋላ፣ እንደ አስፈላጊነቱ እናሳውቃለን።