የዳማው እርካብ

ይድረስ ሞስኮ ላለኸው ወንድሜ ኤርኪን፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ የበረዶውን ወራት በሰላም ወጥተናል።

የዳማው ፈረሳችን እግር ስለዳነ ወደ ሥራ እየመለስነው ነው፤ ግን መፈንጨቱ አስቸግሮናል። ታስሮ ሲከርም አባባ ገብሱን አልቀነሱለትም፤ «ጎረቤት የፈረሴን የጎድን አጥንት ከሚቆጥር ሞቼ ልገኝ» ይሉ ነበር። ሰኞ ጎረቤታችን ጁማሽ ሊጋልበው ሞክሮ፣ ሁለተኛውን እርካብ ሳይረግጥ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። አባባም «የጣለህ ከብደኸው አይደለም፣ አፍሮብህ ነው» አሉት።

አሁን ገብሱን ቀንሰናል። በየጠዋቱ አሮጊቷ ባዝራ ላይ ሆኜ ዳማውን ከነኮርቻው በገመድ ወደ ወንዝ እስበዋለሁ። ውሃው ደረቱ ስለሚደርስ ማቀርቀር አይችልም። አባባ ከዳር ሆነው «አንቺ፣ ራሱን ቀና አድርጊው! ፈረስ ሳያቀረቅር አይፈነጭም!» ይላሉ።

ኮርቻውን የሚጭኑት አሁንም እሳቸው ናቸው። ጠፍሩን በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው ያጠብቁታል። «ቀኜን ብርድ መትቶት ነው» ይላሉ። ብርዱ ከወጣ ሰንብቷል። የባዝራ ወተት ስቀዳላቸው፣ እንዳይፈስባቸው ጽዋውን ከግማሽ አላሳልፍም።

በበጋው የፈረስ ጨዋታ ራሳቸው እንደሚጋልቡት ለመንደሩ ተናግረዋል። ጁማሽ እንኳ አልቀለደም።

ትናንት ከወንዙ ስንመለስ አባባ ዳማው ላይ ሊወጡ እርካቡን ያዙ፤ ጥቂት ቆመው ለቀቁት።

«ለኤርኪን የተለካ ነው፤ ረዝሞብኛል» አሉ።

«ላሳጥርልዎት አባባ?»

«እንዳትነኪው!»

እናታችን ዓይንህን ትስማለች። ደህና ነንና ሐሳብ አይግባህ። እርካቡም በልክህ እንዳለ ነው።

እህትህ ጉልዛት