ለሁለት የተከፈለ የፍሬን ሸራ

ረቡዕ፣ ቢቸና

የመኪናዬ የቀኝ የፊት ጎማ ፍሬን ሸራ አልቋል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። የግራው ገና ደህና ነው። የእህቴ ልጅ ውዴ እሑድ ሙሽራ ሆና ወደ ሞጣ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ጾም ይገባል፤ ሙሽራውም ወታደር ነው፣ ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ግንባር ይመለሳል። ቀን ማዛወር የለም። “ስታገቢ እኔው ሾፍሬ አደርስሻለሁ” ያልኳት ጥርሷን ስትነቅል ነው። አልረሳችልኝም።

ሐሙስ

በአውቶቡስ ሞጣ ደርሼ መጣሁ። መለዋወጫ ከጠፋ ወዲህ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ያገኙትን ጥንድ ሸራ ለሁለት ሰው ያካፍላሉ፤ ለአንዱ የግራውን፣ ለሌላው የቀኙን። ማንም ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብለው ነው። የግራውን የሞጣው ሾፌር ሽባባው ወስዶታል፤ የእሱም እንደ እኔው አሮጌ ላንድሮቨር ናት።

“ሐጂ፣ ጫማም እንዲህ ነው የሚሸጡት?” አልኳቸው።

“ባዶ እግር ከመሄድ ይሻላል፣ ልጄ” ብለው ሳቁ።

ያለቀው የቀኙ፣ የያዝኩትም የቀኙ። ምን ጎደለኝ? እያልኩ ገባሁ።

ዓርብ

ገጥሜ ቁልቁለቱ ላይ ብቻዬን ሞከርኳት። ፍሬን ስይዝ አዲሱ ሸራ ቀድሞ ነከሰ፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ተጠማዘዘች። የግራውን አጥብቄ ደገምኩ። ያው ናት፤ መንገዱ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመች። ዞር ብዬ ውዴ የምትቀመጥበትን ወንበር አየሁት።

ቤት ስገባ “አጎቴ፣ ፊትዎ ምነው ጠቆረ?” አለችኝ።

“ሙሽራ አትጠይቅም” አልኳት። ቀልዱ አልወጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

ሸራውን ፈትቼ ሽባባው ዘንድ ይዤ ሄድኩ።

“የእኔዋም ወደ ግራ ትሸሻለች፤ ሚስቴ አልሳፈርም ብላለች” አለኝ።

“ሁለት አንካሳ ከምናቆም አንድ ጤነኛ ትኑረን” አልኩት።

“የማን ትሁን?”

ሰርግ አለብኝ ብል የግራውን አይከለክለኝም። ግን ልጆቹን የሚያበላው በዚያች መኪና ነው፤ የእኔዋ ብትቆም ማንም አይራብም። ሸራዬን እጁ ላይ አኖርኩት።

“ነገ ሙሽራዋን ታመጣልኛለህ።”

“አንተስ?”

“ከሚዜዎቹ ጋር ነኝ። መልኬ መቼ ያንሳል?”

አብረን ገጠምን። ቁልቁለት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አሁን ወደ ቢቸና ልንነሳ ነው።

እሑድ፣ ሞጣ

ጠዋት ለውዴ ነገርኳት።

“ቃልዎን በሉብኝ፣ አጎቴ” አለች፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

“በላሁ” አልኳት። ገደሉን አልነገርኳትም፤ ሰርጓ ነው።

ከኋላ ከከበሮው ጋር ተጨናንቄ መጣሁ። ሽባባው ፍሬን በያዘ ቁጥር የእኔ እግር ወለሉን ይረግጣል። ውዴ አየችኝና “ኧረ አጎቴ፣ ሊበሱት ነው!” ብላ ሳቀች። በሰላም ገባን።

አሁን ዘፈኑ ይሰማኛል። ሙሽራው ሐሙስ ወደ ግንባር ይመለሳል። የሚጭነው ካሚዮን ፍሬኑ እንዴት ይሆን?