ለቁራ የባከነ ፋሻ

ይድረስ ለልጄ፣

ከመኪናው ጋር፣ ከመንገዱ ጋር እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ከግራ እግሬ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። የምትጽፈው ሚስትህ ናት፤ እዚህ ቤት ከእሷ ሌላ ፊደል የቆጠረ የለም። ከቃሌ አንድም እንዳታስቀሪ ብያታለሁ።

ክሴ ስለ ቁራ ነው። ክንፉ የተሰበረ ቁራ ከቆሻሻ ገንዳ አንስታ ቤቴ አስገባች። ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ስሸጥ በድንጋይ ያባረርኩትን ሌባ በእንቁላል ትቀልበው ጀመር። ቁስሌን ከምታስርበት ፋሻ ቀድዳ ክንፉን አሰረችለት። ቁራ እንደሆነ ሰማዩን ሞልቶታል፣ አንዱ ቢሞት ምን ይጎድላል ብላት፣ የሞሉትማ አልተሰበሩም፣ አባባ አለችኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ቀጥለሽ ለአይጥ ምርኩዝ አሠሪለት እያለ ቢያሾፍባትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አይድንም አልኳት። ሐኪሙ እግርዎ አይድንም፣ ይቆረጥ ካለኝ ወዲህ የማይድን ነገር አውቃለሁ።

ዳነ። ማክሰኞ እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ ካስተኛችው ካርቶን ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋዬ በረረ። እኔ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው በምጠብቅበት ክፍል ውስጥ። ራስጌዬ ላይ ሲያርፍ በከዘራዬ አልኩት። አንዴ ብቻ፤ እጄ ሙያውን አልረሳም። ስትመለስ ድመት ነው አልኳት። እሁድ ልትለቀው ነበር፤ አልቅሳ ቀበረችው።

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ጻፊ እንጂ አልኳት፤ ለባልሽ የምነግረውን ከአንቺ የምደብቀው ማንን ፈርቼ ነው? ጻፈች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ ያልከውን ተወው። ለቁራ ጊዜ ያላት ሴት አማቷን ማስታመም አያቅታትም። እየለመንኩህ አይደለም፤ ለምኜም አላውቅ። ትቆያለሽ አይደል ብዬ እሷንም ጠየቅኳት። ከዚህ ቀጥሎ ምን ልጻፍ፣ አባባ? አለችኝ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ የልጅ አባት ያድርግህ።

ቁስሌን ፈትታ ካጠበችው በኋላ ነው ወረቀት ያነሣችው። ፋሻው ጭኗ ላይ ነው። ዝንብ መጣብኝ፣ እሰሪልኝ ብላት መጀመሪያ ደብዳቤው ይለቅ አለችኝ። አልቋል አልኳት። እሷ ግን ገና ትጽፋለች።

አባትህ