አሻራዬን የፈለገው ቅጽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጥፋቱ የዘይነባ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት የልጄ ልጅ። ለኮሌጅ ድጋፍ ያስገባችው ማመልከቻ የቀበሌ ደብዳቤና የአሳዳጊ ቅጽ ይጎድለዋል፣ እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት በኢንተርኔት ይላክ ተባለች። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቤት አብረን ሄድን።

ባለቤቱ ይማም ደብዳቤውን ስካን አደረገና የማኅተሙን ቀለም ወደ እኔ ገፋ። "እትዬ ዘሃራ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጫን ያድርጉልኝ።"

"እፈርማለሁ" አልኩት።

"ይፈርማሉ እንዴ?" ብሎ ዘይነባን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ቅጹን ሳብ አድርጌ አነበብኩት። የአሳዳጊ የትምህርት ደረጃ በሚለው ፊት "ማንበብና መጻፍ የማትችል" ይላል።

"ማነው ይህን የጻፈ?"

"እሷ ናት ያስሞላችኝ" አለ።

"ያልተማረ አሳዳጊ ያላትን ያስቀድማሉ ያለኝ እሱ ነው፣ እማዬ" አለች።

ማን እንደዋሸ እስካሁን አላወቅሁም። ሁለቱም ሳይመካከሩብኝ አልቀሩም።

"ይታረም ካሉ አርማለሁ" አለ ይማም። "ግን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ኔትወርኩም እንደሚያዩት ነው። ሰዓቱ ካለፈ በእኔ እንዳያመካኙ።"

ልጅቷ ከትምህርት እንዳትቀር ብዬ ለውሸቱ ጣቴን ጫንኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ተላከ።

በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷው ናት። ይህን ደብተር እያገላበጠች ስህተቴን ታርምልኝ ነበር። ከእንግዲህ የጻፍኩትን አላሳያትም።