ሞተሩ እስኪበርድ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1962

ክሊኒኩ ሰው በዛበት። መርፌ ስቀቅል፣ ቁስል ሳጥብ አረፈድኩ። ከሰዓት መድኃኒት ላመጣ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ተነሳሁ። እንጦጦ ዳገት ላይ መኪናዋ ፈላች። እንደ ልማዷ። ጀሪካኑን አውርጄ ውሃ ጨመርኩ። ባለቤቴ አለሙ ከሞተ ስምንት ወር ሊሆን ነው። የሹፌሩን ወንበር አሁንም ወደ ፊት አልሳብኩትም፤ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምነዳው። ለምን? እንጃ...

እሁድ፣ ጥቅምት 30

የአለሙ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ዓባይነህ፣ ከቡራዩ መጡ። ስለ መኪናዋ ነው።

«ገዢ አግኝቻለሁ። ይቺ አሮጌ ምን ታደርግልሻለች? ዳገት ላይ ብቻሽን ቆመሽ ጅብ ይብላሽ?»

ክፋት የለባቸውም፤ ያሳስባቸዋል። ግን እሷም ከሄደች የአለሙ የሆነ ምን ይቀረኛል? ልብሱን እንኳ ለድሃ ሰጥተነዋል።

«እንጦጦን ሳትፈላ ከወጣች አልሸጥም» አልኩ። «ከፈላች ይውሰዷት። ለኅዳር ጽዮን ይዣት ቡራዩ እመጣለሁ።»

ሳቁብኝ። «እሺ፣ ቃል ይሁን!»

ምሳ ይብሉ ሳልላቸው ሄዱ። ሥራ ነበረብኝ... እሁድ ምን ሥራ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚጠግኑት ኦቦ ደገፋ መጡ። ኮፋኖውን ከፍተው አጎነበሱ። የዚህች መኪና ሞተር ግማሹ ወደ ሹፌሩ እግር ገብቶ ተወትፏል፤ እጅ መግቢያ የለውም። በኦሮምኛም በአማርኛም ብዙ አጉረመረሙ። በመጨረሻ፦

«ቴርሞስታቱ ነው። ውሃው ሲሞቅ የሚከፈት በር በይው። ዝጎ ተዘግቶ ቀርቷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሁሉም አውጥቶ ይጥለዋል። ያለሱም ትሄዳለች። ሱሉልታ ብርድ ነው እንጂ፤ ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም...» አንገታቸውን አከኩ። «ግን አዲሱ እኔ ጋ አለ። አለሙ ከገዛው ሁለት ዓመቱ።»

ሁለት ዓመት! «ለምን አላስገባውም ታዲያ?» አልኳቸው።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ሳቀ። ‹ተወው ኦቦ ደገፋ፣ ማሪቱ ሥራ ብቻ ናት። ሞተሩ እስኪበርድ ግን ቁጭ ብላ ታወራኛለች› አለኝ።»

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ዳገቱ ላይ ሞተሩ እስኪበርድ ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። የማውቀው ሰዓቴን እያየሁ ስለምቆጥር ነው። እሱ ያወራ ነበር፤ እኔ እቆጥር ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ላስገባው? እሱ ያልፈለገውን? ካላስገባሁት መኪናዋን ጋሼ ዓባይነህ ይወስዷታል። ካስገባሁት ደግሞ... ይሄን ለማን ይነግሩታል? ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ፤ አንድ የምነግረው ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አዲሱን ቴርሞስታት ከኦቦ ደገፋ ተቀብዬ ጠዋት በመርፌ መቀቀያው ቀቀልኩት። ውሃው ሲንተከተክ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ደህና ነው ማለት ነው። ከውሃው አውጥቼ እስኪዘጋ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ኦቦ ደገፋ አንዱን ብሎን በስንት ትግል ፈቱት። የታችኛው ግን እንቢ አለ። «ሂን ሴኑ! እጄ አይገባም። ሞተሩን ማውረድ ሊኖርብን ነው።»

እጄን አየሁት። ስንት ሕፃን የተቀበለ ቀጭን እጅ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ከራዲያተሩ ጀርባ አሾለኩት። ዓይን አያይም፤ በዳሰሳ ነው። መፍቻውን በሁለት ጣት ይዤ ሩብ ዙር፣ እንደገና ሩብ ዙር... ክንዴ ተላጠ። ሲፈታ የዛገ ውሃ እስከ ብብቴ ወረደ። «ጋሪ ዳ! ጎበዝ!» እያሉ ይጮኻሉ ኦቦ ደገፋ። አዲሱን መጀመሪያ ገልብጬ አስገብቼው ነበር፤ መልሼ እንዳወጣው አደረጉኝ። ውሃ እንዳያፈስ ለመሐሉ ካርቶን በልኩ ቆርጠው ሰጡኝ። ማሰሩ ከመፍታቱ ባሰ። አራት ሰዓት ጀምረን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ጥቁሩ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም።

እሁድ፣ ኅዳር 21

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ተነሳሁ። ዳገቱ ላይ ዓይኔ ከሙቀት መለኪያዋ አልተነሳም። መርፌዋ መሐል ላይ ደርሳ ቆመች። አላመንኳትም። አሁን ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ...

ጫፉን ማለፌን ያወቅኩት ሽሮ ሜዳ ስደርስ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የቆምንበትን ቦታ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

ቡራዩ ስደርስ ጋሼ ዓባይነህ ከበር ወጥተው ኮፋኖውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«አልፈላችም?»

«አልፈላችም።»

«እንግዲህ ያንቺ ናት። ቃል ቃል ነው።»

ግቢ አላሉኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ግቢ» ሲሉኝ «ሥራ አለኝ» ስላቸው ሰልችቷቸዋል። ቁልፉን ነቅዬ ራሴ ገባሁና ተቀመጥኩ። ደነገጡ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እስቲ ስለ አለሙ ያጫውቱኝ።»

ቆመው አዩኝ። ከዚያ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ከልጅነቱ ጀመሩ።