የግቢው መብራት ጉዳይ

ሐሙስ፣ ጥር 9

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ለእህትህ በስልክ ከምትነግራት በላይ ደህና ነኝ።

ሌባ አጥራችንን ዘለለ ብለህ የላክኸው የውጭ መብራት ደርሶኛል። ኤሌክትሪሺያን የላክህበት ምክንያትም አልጠፋኝም። «ዓይኑ እምቢ ካለው ቤቱ ይሸጥ፣ እሱም እህቴ ዘንድ ይግባ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ሌባውስ የናቀኝ ስለማያውቀኝ ነው፤ አንተን ግን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። በቁሜ አትወርሰኝም።

ኤሌክትሪሺያኑ ከመምጣቱ በፊት መብራቱን ራሴ ሰቀልኩት። የዚህን ቤት ሽቦ ማንም ሳያስተምረኝ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ብሬከሩን አጥፍቼ ከመኝታ ቤቴ አምፖል ላይ ሽቦ ቀጠልኩ፤ ግድግዳውን በስቼ አወጣሁት፤ ዝናብ እንዳይገባም ቀዳዳውን ደፈንኩ። ስሞክረው በራ።

ሰውየው መጣና ገና ሳይቀመጥ የመኝታ ቤቴን መብራት አጠፋ። የውጭውም አብሮ ድርግም አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ ሲያየው፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ትቼ ከማብሪያ ማጥፊያው የሚመለሰውን ይዤ ኖሯል።

«አባባ፣ ቀዩን ትተው ጥቁሩን ነው የያዙት» አለኝ። «ቀለሙ አልለይ ብሎዎት ነው?»

አጠገቤ የቆመችው እህትህ ዓይኔን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«አውቄ ነው» አልኩት።

«አውቀው?»

«አዎ። በቤቴ ውስጥ እኔ ሳላዝዝ የሚበራ ነገር የለም። ውረድ።»

ላስተካክለው ብሎ ለመነኝ፤ እህትህም ለመነችኝ። መሰላሉን ይዤ እስኪወርድ ጠበቅኩና በሩን አሳየሁት። ያየውን ሳይነግርህ አይቀርም። እኔም ይኸው ነገርኩህ፤ አውቄ ነው።

ስለዚህ እህትህን መጨቅጨቅህን ተው። እሷ ቤትም አልገባም፤ ይህም ቤት አይሸጥም። መብራትህ ይሠራል። የውጭው እንዳይጠፋ የመኝታ ቤቴን እያበራሁ እተኛለሁ። አምፖሉ ልክ ከፊቴ በላይ ስለሆነ፣ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ለእህትህ እንቆቅልሽ ሆኖባታል። እኔን ምንም አይረብሸኝም። አንዳንዴማ መብራቱን ማብራቴን የማረጋግጠው ማብሪያውን በእጄ ዳስሼ ነው።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፤ የአባቱን ቤት ከሚሸጥ ልጅም ይሰውርህ።

ከገዛ ቤቱ፣
አባትህ